ከንግግር ዜማ ወደ ኦፔራ፦ የሌኦሽ ያናቼክ ሕይወትና ሥራ

በሥነ ጽሑፍ ክፍል መጽሔት ላይ ስለ አንድ የቼክ የሙዚቃ ደራሲ መጻፍ ከቦታው የወጣ ነገር ሊመስል ይችላል። የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም፤ ኖታም በወጉ ማንበብ አልችልም። የማስተምረው ተውኔትና ሥነ ግጥም ነው። ወደዚህ ሰው የመራኝም ሙዚቃው ሳይሆን የቃለ ተውኔት ነገር ነው። በየዓመቱ ተማሪዎቼ የሚያቀርቧቸውን የመለማመጃ ተውኔቶች ሳርም በኅዳጉ ላይ የምጽፈው አስተያየት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም» የሚል። ከዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መጣችና «ታዲያ እንዴት ብሎ ነው የሚናገረው?» ስትል ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ እኔኑ አላረካኝም። ያንን ሰሞን ነገሩን ሳጫውታቸው፣ በወጣትነታቸው ቼኮስሎቫኪያ የተማሩ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ «ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀ ሰው አለ» ብለው ያረጀ ካሴት አዋሱኝ። በካሴቱ ላይ የነበረው «ዬኑፋ» የተባለው ኦፔራ ነው። ከቋንቋው አንዲት ቃል እንኳ ሳላውቅ ሰዎች ሲለማመጡ፣ ሲዋሹና ሲጨነቁ ሰማሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ካሴት ውጤት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌኦሽ ያናቼክ የተወለደው ጁላይ 3 ቀን 1854 በሞራቪያ ውስጥ ሁክቫልዲ በምትባል መንደር ነው። ሞራቪያ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ የመንደር መምህር ሲሆኑ ልጆቻቸው ብዙ፣ ገቢያቸው ግን ትንሽ ነበር። ያናቼክ በ1865 ብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ተላከና በመዘምራን ልጆች መካከል ገባ፤ በዓመቱ አባቱ ሞቱ። የመዘምራኑ መሪ የነበረው መነኩሴ ፓቬል ክርዢሽኮቭስኪ ራሱ የታወቀ የመዝሙር ደራሲ ነበር። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ በዚያው ገዳም የአተር ተክል እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው ግሬጎር ሜንዴልም ይኖር ነበር። በኋላ አበምኔት የሆነው ሜንዴል በ1884 ሲሞት በቀብሩ ሥነ ሥርዓት ላይ ከሙዚቀኞቹ አንዱ ያናቼክ ነው። አንዱ የአተርን ዘር፣ ሌላው የሰውን አነጋገር በትዕግሥት የመዘገቡ ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጥር ግቢ መኖራቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ትምህርቱን በፕራግ የኦርጋን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በላይፕዚግና በቪየና ተከታትሎ ወደ ብርኖ ተመለሰ። በ1881 ዝደንካ ሹልዞቫን አገባ፤ እሱ 27 ዓመት ሲሆነው እሷ ገና 16 ዓመት አልሞላትም ነበር። በዚያው ዓመት የተመሠረተውን የብርኖ የኦርጋን ትምህርት ቤት እስከ 1919 ድረስ በዳይሬክተርነት መርቷል። እንግዲህ ይህ ሰው የዕድሜውን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፈው በጠቅላይ ግዛት ከተማ እንደሚኖር ትጉህ መምህር ነው። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ከሞራቪያ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

የብርኖን ሁኔታ ማወቅ ለጉዳያችን አስፈላጊ ነው። የከተማው አስተዳደር፣ ትልቁ ቲያትር ቤትና ዋና ዋናው ንግድ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች እጅ ሲሆን፣ ቼክኛ በአብዛኛው የሠራተኛው ክፍልና ከዙሪያው ገጠር ወደ ገበያ የሚወጣው ሕዝብ ቋንቋ ነበር። በ1905 ቼኮች በቋንቋቸው የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ በብርኖ እንዲከፈት ሲጠይቁ ጀርመኖቹ ተቃወሙ። በኦክቶበር 1 በተደረገው ሰልፍ ላይ ፍራንቲሼክ ፓቭሊክ የተባለ ወጣት ሠራተኛ በወታደር ሳንጃ ተወግቶ ሞተ። ያናቼክ ለዚህ ሰው መታሰቢያ የፒያኖ ሶናታ ደረሰ፤ ርእሱንም ቀኑን ራሱን አደረገው፤ «ኦክቶበር 1 ቀን 1905» የሚል። ነገር ግን በሥራው አልረካም። ሦስተኛውን ክፍል ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት አቃጠለው፤ የቀሩትን ሁለቱን ክፍሎች ቆየት ብሎ ፕራግ ውስጥ ቭልታቫ ወንዝ ላይ ጣላቸው። ሶናታው ዛሬ ሊሰማ የቻለው ሉድሚላ ቱችኮቫ የምትባለው ፒያኖ ተጫዋች ቅጂ ይዛ ስለቆየችና በ1924 ስላወጣችው ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1919 ተከፈተ፤ በ1925ም ያናቼክን የመጀመሪያው የክብር ዶክተር አደረገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያናቼክ ከ1880ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንቲሼክ ባርቶሽ ከተባለው የቋንቋና የባህል ተመራማሪ ጋር እየተዘዋወረ የሞራቪያን የሕዝብ ዘፈኖች ይሰበስብ ነበር። ዘፈን ሰብሳቢዎች በዘመኑ ብዙ ነበሩ። ያናቼክን ልዩ ያደረገው ዘፈኑ ካበቃ በኋላ ዘፋኙ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ የሚያወራውንም ማዳመጡ ነው። የሞራቪያ ዘፈን ከንግግር እንደሚወለድ አመነ። ስለዚህ ንግግሩን ራሱን በኖታ መመዝገብ ጀመረ። በኪሱ ማስታወሻ ደብተር ይዞ በገበያ የሚጯጯሁትን ሴቶች፣ በባቡር ጣቢያ የሚሰነባበቱትን ሰዎች፣ እናቷን የምትጠራ ሕፃን፣ ገረድ፣ ተማሪና ሽማግሌ የተናገሩትን በአምስት መስመር ላይ ያሰፍር ነበር። ከሥሩም ማን፣ የትና በምን ሁኔታ እንደተናገረው ይጽፋል። ወፎችንና ዶሮዎችን እንኳ አልተዋቸውም። ራቢንድራናት ታጎር በ1921 ፕራግ መጥቶ ሲናገር ያናቼክ ከአድማጮቹ መካከል ነበር፤ የድምፁንም አወራረድ መዘገበ። ይህን ልማድ እስኪሞት ድረስ አልተወም፤ የመዘገባቸውም በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ስሙንም «የንግግር ዜማ» አለው።

ለመሆኑ የንግግር ዜማ ሲል ምን ማለቱ ነው? ቃሉ ሳይለወጥ አባባሉ ሲለወጥ የሚለወጠው ነገር ማለቱ ነው። «እንደምን አደርክ» የሚለው ሰላምታ ከሚወድ፣ ከሚፈራና ብድሩን ሊጠይቅ ከመጣ ሰው አፍ ሲወጣ ፊደሉ አንድ ነው፤ ከፍታው፣ ፍጥነቱና ዕረፍቱ ግን ሦስት ነው። ለያናቼክ የሰውየው ነፍስ የምትታየው በዚህ ሦስተኛ ነገር ውስጥ እንጂ በቃሉ ውስጥ አይደለም። በዚህ ላይ የቋንቋው የራሱ ጠባይ ይታከላል። በቼክኛ ጠንከር ብሎ የሚነገረው ሁልጊዜ የቃሉ የመጀመሪያ ቀለም ነው። የአናባቢ መርዘምና ማጠር ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ራሱን ችሎ የቃሉን ፍቺ ይለውጣል። ለምሳሌ «ዳል» የሚለው ቃል አናባቢው ሲያጥር «ሰጠ»፣ ሲረዝም «ወዲያ፣ ራቅ ብሎ» ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ይህን ሥራ የሚሠራው የተነባቢ መጥበቅና መላላት መሆኑን አንባቢ ያውቃል፤ «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት ቃል እንደሚሆነው ማለት ነው። ለጀርመንኛ ወይም ለጣልያንኛ ተብሎ የተሠራ የኦፔራ ዜማ በቼክኛ ቃል ላይ ሲጫን ቃሉን ይሰብረዋል። የያናቼክ ዜማዎች አጫጭር፣ ድንገት ጀምረው ድንገት የሚያቆሙ የሆኑበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነጥብ ማረም እወዳለሁ። ያናቼክ በገበያ የሰማውን ዜማ እንዳለ አንሥቶ ኦፔራው ውስጥ አልለጠፈም። ራሱም ይህን የሚያደርግ መስሏቸው ለሚናገሩ ሰዎች ተቆጥቶ መልስ ሰጥቷል። ምዝገባው ለእሱ እንደ ሠዓሊ የእጅ ልምምድ ነበር፤ ሺህ እጅ የሣለ ሰው ሺህ አንደኛውን ከሐሳቡ ይሥላል። ከዚህም ሌላ እንደ ሥነ ድምፅ ጥናት ካየነው ምዝገባው ጉድለት አለው። የሰው ድምፅ በንግግር ጊዜ ይንሸራተታል፤ በፒያኖ ቁልፎች መካከል ባለው ክፍተትም ያልፋል። ኖታ ይህን ሊይዝ አይችልም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ጊዜን እጅግ አሳንሶ የሚለካ መሣሪያ እስከመጠቀም ቢደርስም ደብተሮቹ የሳይንስ መረጃ ሆኑ ለማለት ይከብደኛል። የተውኔት ጸሐፊ ማስታወሻዎች ናቸው ብል ግን አልሳሳትም።

«ዬኑፋ» የተመሠረተው ጋብሪኤላ ፕራይሶቫ በጻፈችውና በ1890 መድረክ ላይ በወጣው «የእንጀራ ልጇ» በተባለ ተውኔት ላይ ነው፤ ኦፔራው በአገሩ ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ታሪኩ የገጠር ታሪክ ነው። ዬኑፋ ከወፍጮ ቤቱ ወራሽ ከሽቴቫ ታረግዛለች። በድብቅ የሚወዳት ላጻ በቅናት ጉንጯን በቢላዋ ይቆርጠዋል፤ ሽቴቫም ጠባሳዋን አይቶ ይሸሻል። የእንጀራ እናቷ በመንደሩ የተከበረች፣ የቤተ ክርስቲያን ጠባቂ የሆነች ሴት ነች። ልጅቷን ቤት ውስጥ ደብቃ ታዋልዳታለች፤ ከዚያም የዬኑፋ የወደፊት ሕይወት እንዳይበላሽ በሚል ሐሳብ አራሱን ሕፃን ወስዳ ከበረዶው በታች ወንዙ ውስጥ ትጥለዋለች። በጸደይ፣ በዬኑፋና በላጻ የሠርግ ዕለት፣ በረዶው ሲቀልጥ ሬሳው ይገኛል። ያናቼክ ተውኔቱን ወደ ግጥም ሳያስለውጥ በዝርዉ እንዳለ ወሰደው። የኦፔራ ቃል ግጥም መሆን አለበት ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። ዝርዉ ግጥም የማይፈቅደውን ነገር ፈቀደለት፤ መንተባተብ፣ አንድን ትንሽ ቃል ደጋግሞ ማለት፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ማቆም። በሁለተኛው ገቢር የእንጀራ እናቲቱ ሕፃኑን ለመግደል ስትወስን የምትናገረው ረጅም ንግግር ከዚህ የተሠራ ነው። እሷን ክፉ ብሎ መፍረድ የሚቻለው ተውኔቱን ያነበበ ሰው ብቻ ይመስለኛል፤ ኦፔራውን የሰማ ሰው አብሯት ይንቀጠቀጣል።

ይህን ሥራ ለመጨረስ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀበት። በመካከሉ ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቻላል። ወንድ ልጁ ቭላዲሚር በ1890 ገና በሕፃንነቱ ሞቶበት ነበር። በ1902 ሴት ልጁ ኦልጋ በሩሲያ ሳለች በአንጀት ተስቦ ታመመች፤ ወደ ብርኖ ተመልሳም አልዳነችም። የቤቱ ሠራተኛ ማሪዬ ስቴይስካሎቫ በኋላ እንዳስታወሰችው፣ ኦልጋ ኦፔራውን በመድረክ ለማየት እንደማትደርስ ስላወቀች አባቷን በፒያኖ እንዲያሰማት ጠየቀችው። ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1903 ሞተች። ሃያ ዓመቷ ነበር። ያናቼክ ኦፔራውን ለመታሰቢያዋ አደረገው። አባትየው ግን ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ሆና የተናገረቻቸውን ቃላትና ያሰማቻቸውን የመጨረሻ ትንፋሾችም በኖታ መዝግቧል።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ዘገነነኝ። ልጅ ስትሞት ደብተር የሚያወጣ ምን ዓይነት አባት ነው አልሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን አስተያየቴ ተለውጧል። የተናገረቻቸውን ብዙ ነገሮች ቃል በቃል ልጽፋቸው እችላለሁ። ከደጅ ሆና ስሜን ስትጠራ ድምፅዋ የት ላይ ከፍ፣ የት ላይ ዝቅ ይል እንደነበር ግን ጠፍቶብኛል። ሃያ ዓመት ያህል ቋንቋ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ይህን የምይዝበት መንገድ አልነበረኝም። ያናቼክ ነበረው፤ ተጠቀመበት።

«ዬኑፋ» በጃንዋሪ 1904 በብርኖ በትንሽ ቲያትር ቤት ታይቶ ተወደደ። የፕራጉ ብሔራዊ ቲያትር ግን ለአሥራ ሁለት ዓመት በሩን ዘጋበት። ምክንያቱ በከፊል የግል ቂም እንደነበረ ይታመናል፤ የቲያትሩ የሙዚቃ ኃላፊ ካሬል ኮቫርዦቪትስ የደረሰውን ኦፔራ ያናቼክ በ1887 በጽሑፍ አጣጥሎበት ነበር። በመጨረሻ ወዳጆች አማልደው በሜይ 1916 በፕራግ ታየ። ነገር ግን ኮቫርዦቪትስ የኦርኬስትራውን አጻጻፍ እንዲያቃናና አንዳንድ ቦታ እንዲቆርጥ ተፈቅዶለት ነው። ያናቼክ 61 ዓመቱ ነበር፤ ተስማማ። ማክስ ብሮድ፣ የካፍካን የእጅ ጽሑፎች አቃጥል ተብሎ ያላቃጠለው ያው ብሮድ፣ ኦፔራውን ወደ ጀርመንኛ መለሰው፤ በ1918 ቪየና ላይ ታየ፤ ከዚያም በጀርመን ከተሞች ተዳረሰ። እዚህ ላይ አንድ ምሬት አለ። ሙዚቃው ከቼክኛ አነጋገር የተቀዳ ሰው ለዓለም የተዋወቀው በሌላ ሰው እጅ በተቃና ኦርኬስትራና በጀርመንኛ ቃል ነው። ባይፈቅድ ኖሮ ምናልባት ማንም አይሰማውም ነበር። ፈቃዱን ልወቅስ አልደፍርም።

ቀጥሎ የመጣው በሙዚቃ ታሪክ ብዙ አቻ የለውም። ብዙዎች በሚያርፉበት ዕድሜ ያናቼክ ጀመረ። በ1917 ሉሃቾቪትሴ በተባለው የጠበል ከተማ ካሚላ ስቴስሎቫን አገኘ፤ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች፤ በዕድሜም ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል ትበልጥ ዘንድ ይበልጣት ነበር ብል አንባቢ የዕድሜውን ርቀት ይረዳልኛል። እስኪሞት ድረስ ከሰባት መቶ በላይ ደብዳቤ ጻፈላት። እሷ የመለሰችለት ጥቂት ነው፤ ለሙዚቃውም እምብዛም ግድ አልነበራትም። ዝደንካ የደረሰባትን ሥቃይ በትዝታ መጽሐፏ ትታልናለች፤ ስለ ያናቼክ ፍቅር የሚያደንቁ ሰዎች ያንንም ቢያነቡ መልካም ነው።

ከዚህ ዘመን ሥራዎች ለሥነ ጽሑፍ ሰው አስደናቂ የሚሆነው የምንጮቹ ዓይነት ነው። «ካትያ ካባኖቫ» (1921) ከኦስትሮቭስኪ ተውኔት፣ የመጀመሪያው የባለ አውታር ኳርቴት (1923) ከቶልስቶይ ልብ ወለድ፣ «የማክሮፑሎስ ጉዳይ» (1926) ከካሬል ቻፔክ ተውኔት የተወሰዱ ናቸው። «የጠፋው ሰው ማስታወሻ» የተባለው የመዝሙር ተከታታይ ደግሞ ምንጩ በ1916 «ሊዶቬ ኖቪኒ» ጋዜጣ ላይ የወጡ ግጥሞች ናቸው። ጋዜጣው ግጥሞቹን ከመንደሩ ጠፍቶ የሄደ፣ ብዙ ያልተማረ ወጣት የጻፋቸው አድርጎ አቀረባቸው። ያናቼክም አንባቢውም ይህን ይዞ ኖረ። እውነተኛው ደራሲ ኦዜፍ ካልዳ የተባለ የታወቀ ጸሐፊ መሆኑ የተረጋገጠው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የገበሬው ልጅ ቀጥተኛ ድምፅ ተብሎ ሲደነቅ የኖረው የሠለጠነ እጅ ሥራ ነበር። የቃል ግጥም ለምንሰበስብ ሰዎች ይህ ታሪክ ፈገግ የሚያሰኝም የሚያስፈራም ነው።

«ተንኮለኛዋ ቀበሮ» (1924) የመጣችው ከዚያው ጋዜጣ ነው። ስታኒስላቭ ሎሌክ በሣላቸው ሥዕሎች ላይ ሩዶልፍ ቴስኖህሊዴክ በብርኖ ዙሪያ ዘዬ የጻፈው ተከታታይ ልብ ወለድ በ1920 ይወጣ ነበር። ማሪዬ ስቴይስካሎቫ ጋዜጣውን እያየች ስትስቅ ያናቼክ ምን እንዳሳቃት ጠየቀና ነገሩ ተጀመረ ይባላል። በኦፔራው ውስጥ ቀበሮዋ በአዳኝ ጥይት ትሞታለች፤ ሙዚቃው ግን አያለቅስም፤ ያልፋል። በመጨረሻው ትዕይንት የደን ጠባቂው በጫካው ውስጥ ግልገሏን ያያል፤ እንቁራሪት ሊይዝ ሲል እንቁራሪቱ በመጀመሪያው ገቢር ያገኛት ሳትሆን የልጅ ልጇ መሆኗን ትነግረዋለች። የሰባ ዓመት ሰው ስለ ሞት የጻፈው ይህን ነው።

«የግላጎሊት ቅዳሴ» (1926) ለእኛ አንባቢዎች ልዩ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ። ቃሉ የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ስላቭኛ ነው፤ ቄርሎስና ሜቶድዮስ በ863 ወደ ሞራቪያ ይዘውት የመጡት፣ እንደ ግእዝ በቤት ውስጥ የማይነገር የቅዳሴ ቋንቋ። እንግዲህ ከሕያው ንግግር ሙዚቃ የሚቀዳ ሰው ማንም በማይናገረው ቋንቋ ምን ያደርጋል? ያናቼክ ቃሉን እንደተለመደው በዝግታና በአክብሮት አላስዘመረውም፤ አሁን ከአፍ እንደወጣ አድርጎ አስጮኸው። የሞተ የተባለው ቋንቋ ይጣራል፣ ይማጸናል፣ ይከራከራል። አንድ ሃያሲ ይህን ሰምቶ ሽማግሌው አማኝ ሆነ ብሎ ቢጽፍ፣ ያናቼክ ሽማግሌም አማኝም አይደለሁም ብሎ መለሰ ይባላል።

በኦገስት 1928 ካሚላ ከልጇ ጋር ሁክቫልዲ ልትጠይቀው መጥታ ሳለ ልጁ ጫካ ውስጥ የጠፋ መሰላቸው። ያናቼክ ሲፈልገው ብርድ መታው፤ ሳንባ ምች ሆነበትና በ12ኛው ቀን ኦስትራቫ ከተማ ሞተ። በቀብሩ ላይ ከተንኮለኛዋ ቀበሮ የመጨረሻው ትዕይንት ተሰማ።

ከሞተ በኋላ ለሥራው ብዙ የደከመው አውስትራሊያዊው የኦርኬስትራ መሪ ቻርልስ ማኬራስ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፕራግ ሲማር ይህን ሙዚቃ ሰማ፤ በ1951 «ካትያ ካባኖቫ»ን ለንደን ላይ አቀረበ፤ በኋላም የኮቫርዦቪትስን እርማት ገፍፎ «ዬኑፋ»ን ወደ ደራሲው አጻጻፍ መለሰ። ከልብ ወለድ ጸሐፊዎች ሚላን ኩንዴራ የብርኖ ልጅ ነው፤ አባቱ ሉድቪክ ኩንዴራ የያናቼክ ተማሪ የነበረ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። ኩንዴራ በ1993 ባሳተመው «የተካዱ ኑዛዜዎች» በተባለው የድርሰት መጽሐፉ ለያናቼክ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። የጃፓኑ ሃሩኪ ሙራካሚ ደግሞ በ2009 መታተም የጀመረውን ትልቅ ልብ ወለዱን የሚከፍተው በታክሲ ራዲዮ በሚሰማ የያናቼክ «ሲንፎኒየታ» ነው። ዛሬ በታላላቅ ኦፔራ ቤቶች ሥራዎቹ በብዛት የሚታዩት በቼክኛ ነው፤ ቋንቋውን የማይችሉ ዘፋኞች ቃሉን ከነርዝመቱ ያጠኑታል። ይህ ለማንኛውም በጥቂት ሕዝብ ቋንቋ ለሚጽፍ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ሲሞት ጠረጴዛው ላይ የነበረው «ከሙታን ቤት» የተባለው ኦፔራ ነው። የዶስቶየቭስኪን የሳይቤሪያ እስር ቤት ትዝታ ከሩሲያኛው መጽሐፍ ራሱ እየመለሰ፣ ኖታውን በነጭ ወረቀት ላይ በእጁ መስመር እያሰመረ ጻፈው። ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም፤ እስረኞች ተራ በተራ ለምን እንደታሰሩ ይናገራሉ፤ ሌላው ያዳምጣል ወይም አያዳምጥም። ለተማሪዎቼ የማሰማው አሁን ይህንን ነው፤ ያቺ ተማሪ የጠየቀችውን ጥያቄ ከእኔ የተሻለ ስለሚመልስ። የያናቼክ ደቀ መዛሙርት ግን በ1930 በመድረክ ሲያቀርቡት ያለቀ አልመሰላቸውምና ኦርኬስትራውን አወፈሩት፤ መጨረሻው ላይም የነፃነት መዝሙር ጨመሩበት። ያናቼክ የተወው መጨረሻ ሌላ ነው። አንድ እስረኛ ተፈትቶ ይሄዳል፤ ክንፉ የዳነው ንሥርም ይበርራል። ከዚያ ጠባቂው ይጮኻል፤ የቀሩት እየተነዱ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።